የማቴሪያል ሙከራ ውጤትን በስታቲስቲክስ መተንተን፦ ከላብራቶሪ መዝገብ እስከ ካራክተሪስቲክ ጥንካሬ

የኮንክሪት ኪዩቦች ተጨምቀው ውጤታቸው ሲመጣ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አማካዩን ነው። አማካዩ ከተፈለገው ቁጥር በላይ ከሆነ ጉዳዩ እንደተዘጋ ይቆጠራል። መዋቅር ግን የሚፈርሰው ደካማ ቦታው ላይ ነው፤ ስለዚህ ከአማካዩ እኩል፣ አንዳንዴም በልጦ፣ ውጤቶቹ ምን ያህል እንደተበተኑና ያ መበተን ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት። የሚከተለው መመሪያ ይህንን በቅደም ተከተል ያሳያል። ምሳሌው የኮንክሪት ነው፤ አካሄዱ ግን ለፌሮ፣ ለብሎኬት፣ ለብየዳ፣ ለፕላስቲክም ያው ነው። ኤክሴል ወይም ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ስንት ነጻ ውጤት እንዳለ መለየት

ከስሌቱ ሁሉ የሚቀድመው፣ በብዛት የሚዘለለውም ይኸው ነው። ከአንድ ባች (በአንድ ጊዜ ከተደባለቀ ኮንክሪት) ስድስት ኪዩብ ቢሞላ ስድስት ውጤት አለን ማለት አይደለም። ስድስቱ አንድ ሲሚንቶ፣ አንድ የውሃ መጠን፣ አንድ የመደባለቂያ ጊዜ ይጋራሉ። የሚነግሩን ያ አንድ ባች ምን ያህል እንደሆነና የሙከራው ሥራ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ባች ውሃ ቢበዛ ምን እንደሚሆን ምንም አይነግሩንም። ከአንድ የፌሮ ዘንግ የተቆረጡ ሦስት ቁራጮችም እንዲሁ ናቸው።

ስለዚህ የናሙና ብዛት ሲባል የሚቆጠረው ራሱን ችሎ የተመረተው ነገር ነው፦ ባች፣ ዘንግ፣ የቀለጠ ብረት ምድብ። ከአንድ ባች የተገኙት ኪዩቦች መጀመሪያ በአማካይ ተጠቃለው አንድ ውጤት ይሆናሉ። ከ12 ባች ሁለት ሁለት ኪዩብ ከተወሰደ ብዛቱ 12 ነው። 24 ብለው ካሰሉ የአማካዩ ስሕተት በሁለት ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 1.4 ጊዜ ያህል ያነሰ መስሎ ይታያል፤ በዚህ ላይ የቆመ ድምዳሜ ሁሉ ከሚገባው በላይ እርግጠኛ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ መዝገቡን ማደራጀት

በኤክሴል ላይ ለእያንዳንዱ ኪዩብ አንድ መስመር ይስጡ። ዓምዶቹ፦ የባች ቁጥር፣ የተሞላበት ቀንና ሰዓት፣ የሞላው ሰው፣ ስላምፕ (እርጥቡ ኮንክሪት ምን ያህል እንደሚሰጥም የሚያሳይ ልኬት)፣ የኪዩቡ ክብደት፣ የተለካው ስፋት (የሚጨመቀው ገጽ)፣ የሰበረው ጭነት በኪሎኒውተን፣ የአሰባበሩ ዓይነት፣ ማሽኑ። ጥንካሬውን ብቻ የያዘ መዝገብ በኋላ ጥያቄ ሲነሳ መልስ የለውም፤ ክብደቱ የት እንደሚጠቅም ደረጃ 5 ላይ ይታያል።

ጥንካሬውን ከጭነቱና ከስፋቱ ኤክሴሉ ራሱ ያስላ። ለ150 ሚሊ ሜትር ኪዩብ ስፋቱ 22,500 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ 675 ኪሎኒውተን ላይ ከተሰበረ 30 ሜጋፓስካል ይሆናል። ሳይሰላ በፊት ቁጥሩን አያጠጋጉ፤ አንድ ዲሲማል ይያዙ። በክብ ናሙና ላይ ደግሞ የዲያሜትር አለካክ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 10 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ላይ የ0.1 ሚሊ ሜትር ስሕተት 1 በመቶ ነው፤ ስፋቱ የሚሰላው በዲያሜትሩ ስኩዌር ስለሆነ ግን ጥንካሬው ላይ 2 በመቶ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ከማስላት በፊት ማየት

ለምሳሌ ያዘጋጀነው የ12 ባች ውጤት በተሞሉበት ቅደም ተከተል ይኸውና፤ እያንዳንዱ የሁለት ኪዩብ አማካይ ነው፣ በሜጋፓስካል፦

31.2፣ 33.5፣ 29.8፣ 34.1፣ 32.6፣ 30.9፣ 35.0፣ 32.2፣ 33.0፣ 24.6፣ 31.7፣ 33.4

መጀመሪያ በጊዜ ቅደም ተከተላቸው በመስመር ግራፍ ይሳሉ። የሚፈለገው አዝማሚያ ነው፦ ቀስ እያለ መውረድ፣ ከአንድ ቀን ጀምሮ በድንገት ዝቅ ማለት፣ ማሽኑ ካሊብሬት ከተደረገ በኋላ መዝለል። አዝማሚያ ካለ አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካ ቁጥር) ትርጉም ያጣሉ፤ ምድቡ አንድ አይደለምና ከፍሎ መተንተን ይሻላል። ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ መጀመር የተለመደ ነው፤ ከተደረደሩ በኋላ ግን ይህ መረጃ ይጠፋል።

በምሳሌያችን አዝማሚያ የለም። አሥረኛው ባች ግን ብቻውን ወርዶ ይታያል።

ደረጃ 4፦ አማካይና መበተን

የ12ቱ ድምር 382.0 ነው፤ አማካዩ 31.83። ተደርድረው መሐል ላይ የሚገኙት 32.2 እና 32.6 ስለሆኑ መሐል ቁጥሩ 32.4 ነው። አማካዩ ከመሐል ቁጥሩ ማነሱ አንድ ነገር ወደ ታች እየጎተተው እንደሆነ ይጠቁማል።

ለስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከእያንዳንዱ ውጤት ላይ አማካዩን ይቀንሱ፣ ልዩነቱን ስኩዌር ያድርጉ፣ ይደምሩ። እዚህ ድምሩ 80.23 ነው። ከዚያ በናሙና ብዛት ሲቀነስ 1፣ ማለትም በ11 ያካፍሉ፤ ስኩዌር ሩቱ 2.70 ሜጋፓስካል ይሆናል። በኤክሴል ሁለት ፎርሙላዎች ጎን ለጎን ይቀርባሉ፦ መጨረሻው ላይ «ኤስ» ያለው በ11፣ «ፒ» ያለው በ12 ያካፍላል። ለሙከራ ናሙና ሁልጊዜ «ኤስ» ያለውን ይምረጡ። ሌላው ቁጥሩን ያሳንሰዋል፤ ናሙናው ሦስት አራት ብቻ ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ ከባድ ነው።

2.70ን ለ31.83 አካፍሎ በ100 ማባዛት የመበተን መቶኛውን ይሰጣል፦ 8.5 በመቶ። የተለያየ ጥንካሬ ያላቸውን ማቴሪያሎች ለማወዳደር የሚያገለግለው ይህኛው ነው።

ደረጃ 5፦ ያፈነገጠውን ውጤት መመርመር

24.6ን ምን እናድርገው? ሁለት መጥፎ ልማዶች አሉ። አንዱ «ይህ ስሕተት ነው» ብሎ መሰረዝ ነው። ሌላው ምንም ሳይጠይቁ ከሌሎቹ ጋር መደመር። ትክክለኛው መንገድ ሁለት ጥያቄ ለየብቻው ይጠይቃል፦ በእርግጥ አፈንግጧል? ካፈነገጠስ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ለመጀመሪያው የግረብስ ፈተና ቀላል ነው። ከአማካዩ ያለውን ርቀት ለስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ያካፍሉ፦ 31.83 − 24.6 = 7.23፤ 7.23 ÷ 2.70 = 2.68። ለ12 ውጤት በ5 በመቶ ደረጃ በሁለቱም አቅጣጫ ሲታይ የሠንጠረዡ ገደብ 2.41 ነው። 2.68 ይበልጣል፤ ስለዚህ ቁጥሩ በተራ መዋዠቅ ብቻ የመጣ ነው ማለት ይከብዳል። ፈተናውን አንድ ጊዜ ብቻ ያድርጉ። እያወጡ እየደጋገሙ መፈተን ጤነኛውንም ውጤት መሸርሸር ነው።

ፈተናው ግን እንዲሰረዝ ፈቃድ አይሰጥም። ምክንያቱን መርምሩ ይላል፣ ከዚያ አያልፍም። ወደ መዝገቡ ስንመለስ የዚህ ባች ሁለት ኪዩቦች 25.1 እና 24.1 ናቸው። ሁለቱ መቀራረባቸው ብዙ ይናገራል፦ አንዱ ብቻ ወድቆ ቢሆን የማሽኑ ጠፍጣፋ ላይ ተንጋዶ መቀመጡን ወይም የአንድ ሞልድ መጣመምን እንጠረጥር ነበር። ሁለቱም አብረው ስለወረዱ ችግሩ ወይ ባቹ ውስጥ ነው፣ ወይ ሁለቱንም በሞላው እጅ።

አሁን ክብደቱን እንይ። የ150 ሚሊ ሜትር ኪዩብ ይዘት 0.003375 ሜትር ኩብ ነው፤ ሌሎቹ ኪዩቦች ከ8.05 እስከ 8.15 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 2,400 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ አካባቢ ናቸው። የአሥረኛው ባች ኪዩቦች 7.72 ኪሎ ግራም ናቸው፤ ይህ 2,287 ነው፣ 5 በመቶ ገደማ ያነሰ። ኮንክሪት ውስጥ 5 በመቶ ባዶ ቦታ ጥንካሬውን 30 በመቶ ያህል ሊያወርድ እንደሚችል የታወቀ ነው። የእኛው ከሌሎቹ በ24 በመቶ ወርዷል፤ ስለዚህ ቁጥሩና ክብደቱ ይገጣጠማሉ፦ ውስጡ አየር አለ።

አየሩ የት ገባ? ውሳኔው እዚህ ላይ ይንጠለጠላል። የኪዩቦቹ ጎን ቀዳዳ ቀዳዳ ከሆነ፣ ቫይብሬት ሲደረጉ በደንብ እንዳልተጠቀጠቁ መዝገቡ ካሳየ፣ ጉድለቱ የናሙናው ነው፤ ቦታው ላይ የተሞላውን ኮንክሪት ስለማይወክል ምክንያቱ ተጽፎ ከስሌቱ ሊወጣ ይችላል። አየሩ የገባው ገና ሲደባለቅ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ አድሚክስቸር (ኮንክሪት ውስጥ የሚጨመር ኬሚካል) በዝቶ፣ ያው ኮንክሪት ኮለኑ ውስጥም አለ። ያኔ 24.6 ከ12ቱ ሁሉ የከበደ መረጃ ነው፤ ማውጣት አደጋን መደበቅ ይሆናል። ምክንያቱ ካልተገኘ ውጤቱ ይቆያል።

ከአሁን በኋላ ሁለቱንም ስሌት ጎን ለጎን እንይዛለን። አሥረኛው ባች ከወጣ ቀሪዎቹ 11 ናቸው፤ አማካዩ 32.49፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 1.52፣ የመበተን መቶኛው 4.7። አንድ ቁጥር አማካዩን እምብዛም አልነካውም፤ መበተኑን ግን በግማሽ ገደማ ቀይሮታል።

ደረጃ 6፦ በአማካዩና በመበተኑ ላይ ምን ያህል እንተማመን?

ለአማካዩ የመተማመኛ ክልል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ለናሙና ብዛቱ ስኩዌር ሩት ያካፍሉና በቲ ሠንጠረዥ ቁጥር ያባዙ። ለ11 ውጤት የነጻነት ዲግሪው (እዚህ ብዛቱ ሲቀነስ 1) 10 ስለሆነ የ95 በመቶው ቁጥር 2.228 ነው፦ 1.52 ÷ 3.317 × 2.228 = 1.02። አማካዩ ከ31.5 እስከ 33.5 ባለው ውስጥ ነው ብለን እንይዛለን። በ12ቱም ከተሰላ ከ30.1 እስከ 33.5 ይሰፋል። ይህ ክልል የሚናገረው ስለ አማካዩ ነው። «95 በመቶው ኮንክሪት በዚህ መካከል ነው» ብሎ ማንበብ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ነጠላ ውጤቶቹ ከዚያ በጣም ሰፍተው ተበትነዋል።

ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ራሱም ግምት ነው፤ ከአማካዩ በባሰ ሁኔታ የሚዋዥቅ ግምት። በ11 ውጤት የተገኘው 1.52 በ95 በመቶ መተማመን ከ1.06 እስከ 2.67 ሊሆን ይችላል። በሦስት ናሙና ሲሆን እውነተኛው ዋጋ ከተሰላው በግማሽ ያነሰ ወይም ከስድስት እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ከሦስት ኪዩብ ተሰልቶ በሪፖርት ላይ በሁለት ዲሲማል የሚጻፍ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይህን ያህል ደካማ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

ደረጃ 7፦ ካራክተሪስቲክ ጥንካሬ

ለዲዛይን የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ከውጤቶቹ 5 በመቶው ብቻ ከሥሩ የሚወድቅበት ዋጋ ነው። አማካይ − 1.645 × ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚለው ፎርሙላ በየቦታው ይገኛል፤ የሚሠራው ግን ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ከረጅም ጊዜ ምርት በደንብ ሲታወቅ ነው። ከጥቂት ናሙና ሲሰላ ማባዣው ማደግ አለበት። ኢኤን 1990 በተባለው የዩሮኮድ ሰነድ፣ መበተኑ አስቀድሞ ካልታወቀ ማባዣው ለ3 ናሙና 3.37፣ ለ5 ናሙና 2.33፣ ለ10 ናሙና 1.92፣ ለ30 ናሙና 1.73 ነው። ለሌላ ብዛት ከቲ ሠንጠረዥ የአንድ አቅጣጫ 5 በመቶ ቁጥርን ወስደው በስኩዌር ሩት (1 + 1 ÷ ብዛት) ያባዙ፤ ለ11 ናሙና 1.812 × 1.044 = 1.89 ይመጣል።

እንግዲህ፦ 32.49 − 1.89 × 1.52 = 29.6 ሜጋፓስካል። በ1.645 ቢሰላ 30.0 ይሆን ነበር። 12ቱንም ይዘን ከሄድን ማባዣው 1.87 ነው፤ 31.83 − 1.87 × 2.70 = 26.8። የአንድ ባች ዕጣ 3 ሜጋፓስካል ያህል እንደሚያንቀሳቅስ ልብ ይሏል፤ ደረጃ 5 ላይ ያን ያህል የቆየነው ለዚህ ነው።

ኮንትራቱ የሚጠቅሰው ስታንዳርድ የራሱ መቀበያ ደንብ ካለው መቀበልና አለመቀበል የሚወሰነው በዚያው ነው። በአውሮፕላን ሥራ ደግሞ መስፈርቱ ይጠብቃል፦ «ኤ» የሚባለው ዋጋ 99 በመቶው፣ «ቢ» የሚባለው 90 በመቶው የሚበልጠው ሲሆን ሁለቱም በ95 በመቶ መተማመን ይሰላሉ።

ደረጃ 8፦ መበተኑን ለባለቤቱ መመለስ

ውጤት የሚዋዥቀው ማቴሪያሉ ስለሚዋዥቅ ብቻ አይደለም፤ ናሙና አዘገጃጀቱ፣ ውሃ ውስጥ የቆየበት ሁኔታ፣ ማሽኑም ይዋዥቃሉ። ከየባቹ ሁለት ኪዩብ ስላለን መለየት ይቻላል። በእያንዳንዱ ጥንድ መካከል ያለውን ልዩነት ያስሉ፣ አማካዩን ያውጡ፣ ለ1.128 ያካፍሉ። ከየባቹ ሦስት ኪዩብ ከተወሰደ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ይወሰድና ለ1.693 ይካፈላል። የ11ዱ ባች አማካይ ልዩነት 1.1 ሜጋፓስካል ቢሆን የሙከራው መዋዠቅ 0.98 ነው፣ ከአማካዩ 3.0 በመቶ። በአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት መመሪያ ቁጥር 214 መሠረት በሳይት ቁጥጥር ከ3 በመቶ በታች እጅግ ጥሩ፣ ከ6 በመቶ በላይ ደካማ ነው።

ቀጥሎ መቀነስ ነው፤ የሚቀነሰው ግን ስኩዌሩ እንጂ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ራሱ አይደለም። የውጤቶቹ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 1.52 ስኩዌሩ 2.31 ነው። እያንዳንዱ ውጤት የሁለት ኪዩብ አማካይ ስለሆነ የሙከራው ድርሻ የ0.98 ስኩዌር ለ2 ተካፍሎ 0.48 ነው። ቀሪው 1.83፣ ስኩዌር ሩቱ 1.35 ሜጋፓስካል፣ ከባች ባች ያለው እውነተኛ ልዩነት ነው። እዚህ ላብራቶሪው ጥሩ ሠርቷል፤ መበተኑን ለመቀነስ የአሸዋውን እርጥበትና የውሃ አለካኩን መከታተል ያዋጣል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ የጥንዶች ልዩነት ቢያይል፣ የአጨማመቅ ፍጥነቱን (በአውሮፓ ስታንዳርድ 0.6 ሜጋፓስካል በሰከንድ፣ ለ150 ሚሊ ሜትር ኪዩብ 13.5 ኪሎኒውተን በሰከንድ)፣ የጠፍጣፋውን ንጽሕና፣ የሞልዶቹን ቀጥታነት ይፈትሹ። ባለሙያውን ከመውቀስ በፊት ይህን ስሌት ማየት ፍትሐዊም ነው።

ደረጃ 9፦ ሁለት ምድቦችን ማወዳደር

ሌላ ሲሚንቶ ተሞክሮ ከ10 ባች አማካይ 34.10፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 2.40 ተገኘ እንበል። ልዩነቱ 1.61 ነው። አዲሱ ይሻላል? የሁለቱ መበተን እኩል ስላልሆነ የዌልች ቲ ፈተናን ይጠቀሙ፤ በኤክሴል ውስጥ «እኩል ያልሆነ ቫሪያንስ» የሚለው ምርጫ ነው። የልዩነቱ ስሕተት ስኩዌር ሩት (2.31 ÷ 11 + 5.76 ÷ 10) = 0.89፤ የነጻነት ዲግሪው ወደ 15፤ የሠንጠረዡ ቁጥር 2.131። ክልሉ 1.61 ± 1.89፣ ማለትም ከ−0.28 እስከ 3.50 ነው።

ዜሮ ክልሉ ውስጥ ስላለ «አዲሱ ይበልጣል» ለማለት ማስረጃው አልበቃም። «ሁለቱ እኩል ናቸው» ማለትም አይቻልም፤ 3.5 ሜጋፓስካል ያህል ልዩነትም ሊኖር ይችላልና። መልሱ ተጨማሪ ባች ነው። ስንት? በግምት ለእያንዳንዱ ምድብ 16 × (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ÷ ሊታይ የተፈለገው ልዩነት) ስኩዌር። መበተኑ 2 ሆኖ የ2 ሜጋፓስካልን ልዩነት ለማየት ለእያንዳንዱ 16 ባች ያስፈልጋል፤ የ1 ሜጋፓስካልን ልዩነት ለማየት ግን 64። ይህ ስሌት መሠራት ያለበት ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ነው።

ደረጃ 10፦ ኖርማል ስርጭት የማይሠራበት

እስካሁን የሠራነው ውጤቶቹ በአማካዩ ዙሪያ ሚዛናዊ ሆነው ይበተናሉ በሚል ነው። ለኮንክሪትና ለፌሮ ብዙውን ጊዜ ያስኬዳል። ሴራሚክና መስታወት ግን የሚሰበሩት ውስጣቸው ባለው ትልቁ ስንጥቅ ነው። ለእነዚህ በስዊድናዊው ዋሎዲ ዌይቡል ስም የሚጠራው ስርጭት ይሻላል። ውጤቶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርድሩ፤ ለእያንዳንዱ (ተራ ቁጥር − 0.5) ÷ ብዛት ብለው የመሰበር ዕድሉን ያስሉ፤ 1 ÷ (1 − ዕድሉ) የተባለውን ሁለት ጊዜ ናቹራል ሎግ ወስደው ከጥንካሬው ናቹራል ሎግ አንጻር ይሳሉ። የመስመሩ ዝንባሌ የዌይቡል ሞዱለስ ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር መበተኑ ያነሰ ነው። ከ30 በታች ናሙና ካለ ዝንባሌው አስተማማኝ አይደለም። መስመሩ መሐሉ ላይ ከተሰበረ ሁለት ዓይነት ጉድለት አለ ማለት ነው፤ የተሰበረውን ገጽ በማይክሮስኮፕ ይዩ።

ይህ ስርጭት ትልቅ እቃ ከትንሽ ናሙና ለምን እንደሚደክምም ያሳያል። ሞዱለሱ 10 ከሆነና እቃው በይዘት ከናሙናው 10 እጥፍ ከሆነ፣ ጥንካሬው ወደ 79 በመቶ ይወርዳል።

በፋቲግ ሙከራ (ናሙናው እስኪሰበር ጭነት እየተደጋገመ በሚጫንበት) ደግሞ የሚተነተነው የዙሮቹ ብዛት ሎግ ነው፤ ጥሬው ቁጥር በጣም ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ሳይሰበሩ የቆሙ ናሙናዎችን «እዚህ ተሰበረ» ብሎ መመዝገብም፣ መጣልም ስሕተት ነው። «እስከዚህ አልተሰበረም» ተብለው ለብቻ ይያዙ፤ እንዲህ ዓይነት መረጃ የሚቀበል ሶፍትዌርም ይጠቀሙ።

ደረጃ 11፦ ሪፖርቱ

ሪፖርቱ ላይ እነዚህ ይግቡ፦ የባችና የኪዩብ ብዛት ለየብቻ፣ ጥሬ ውጤቶቹ በሙሉ፣ አማካይ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ የመተማመኛ ክልል፣ ካራክተሪስቲክ ዋጋው ከተጠቀሙበት ማባዣ ጋር። የወጣ ውጤት ካለ ቁጥሩ፣ ምክንያቱ፣ የወሰነው ሰው፣ ባይወጣ ኖሮ የሚመጣው ዋጋ አብሮ ይጻፍ። በምሳሌያችን ይህ አንድ መስመር ነው፦ «ባች 10፣ 24.6 ሜጋፓስካል፣ የኪዩብ ክብደት 7.72 ኪሎ ግራም፣ ጎኖቹ ቀዳዳ ያለባቸው፤ ካራክተሪስቲክ ጥንካሬ ሲወጣ 29.6፣ ሲካተት 26.8»።